ጄኔቫ፥ የሰዓትና የቁልፍ ከተማ

«ጄኔቫ» የሚለውን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የተወረረችውን የአገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት በዚህች ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ እኛ ከተማይቱን የምናውቃት በጉባኤዋ ነው። ዛሬ ግን ውድ አንባቢን ወደ ጉባኤ አዳራሽ አልወስድም። የምወስድዎ መንገደኛ ሳያያቸው ወደሚያልፋቸው ሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው በሐይቅ ሥር የተዘረጋ ክር፥ ሁለተኛው እጅግ ልከኛ የሆነ ሰዓት ነው። ባንክና መሥሪያ ቤት ሥራውን በኮምፒዩተር መረብ በሚያካሂድበት በዚህ ዘመን፥ የነገው መረብ ምን ያህል ፈጣንና ምን ያህል የታመነ ሊሆን እንደሚችል ከሚያሳዩት ሙከራዎች ጥቂቶቹ የተደረጉት እዚህ ነው።

ከኮርናቫን የባቡር ጣቢያ ወጥተው መንገዱን ቁልቁል ቢከተሉ፥ በጥቂት ደቂቃዎች የሞንብላን ድልድይ ላይ ይደርሳሉ። በግራዎ ሌማን የሚባለው ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል፤ በቀኝዎ የሮን ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ፈረንሳይ ጉዞውን ይጀምራል። ከሐይቁ ዳር 140 ሜትር ያህል ወደ ሰማይ የሚወረወር የውሃ ዓምድ አለ፤ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ እንደ ነጭ ነጠላ ይውለበለባል። በዙሪያው ባሉት ሕንፃዎች አናት ላይ የሚያነቧቸው ስሞች አብዛኛዎቹ የሰዓት ሠሪዎችና የባንኮች ናቸው። የጄኔቫ ሰዓት ሠሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1601 ነው። እንግዲህ ጊዜን መለካትና የሰውን ምስጢር መጠበቅ ለዚህች ከተማ የቆየ መተዳደሪያ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ሐይቁ ክር እንሂድ። ዳርቻውን ተከትሎ በሚሄደው ባቡር ቢሳፈሩ፥ ኒዮን ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳሉ። በጄኔቫና በኒዮን መካከል፥ በውሃው ሥር፥ የቴሌኮሙኒኬሽን ገመድ ተዘርግቶ ነበር። በውስጡ ከጠጉር ጋር የሚወዳደር ቀጭን የብርጭቆ ክር አለ፤ መልእክቱም በዚያ ክር ውስጥ በብርሃን ብልጭታ ይጓዛል። በ1995 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ከነእርሱም አንዱ ኒኮላ ዢዛን፥ በዚህ 23 ኪሎ ሜትር በሚሆን ክር ላይ አንድ አዲስ ነገር ሞከሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው መሥመር አንዲት ብልጭታ እጅግ ብዙ የብርሃን ቅንጣቶችን ትይዛለች። ስለዚህ ሌባ ክሩን አጥፎ ጥቂት ብርሃን ቢቀዳ፥ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። የጄኔቫዎቹ ሰዎች ግን ብርሃኑን እጅግ አደብዝዘው፥ ብልጭታይቱ ብዙውን ጊዜ ከአንዲት ቅንጣት እንዳትበልጥ አደረጉ። አንዲት ቅንጣት አትከፈልም፤ ሊያነቧት ሲሞክሩም ጠባይዋ ይለወጣል። ስለዚህ በመካከል የገባ ሌባ ካለ፥ ሁለቱ ወገኖች የተቀበሉትን በከፊል ሲያስተያዩ ያልተለመደ ስሕተት ያገኛሉ፤ በሰም የታሸገ ደብዳቤ ተከፍቶ እንደ ተገኘ ያህል ነው። ይህን ሐሳብ በ1984 ያቀረቡት ቻርልስ ቤኔትና ዢል ብራሳር ናቸው። ልብ ይበሉ፤ በዚህ መንገድ የሚላከው ደብዳቤው አይደለም፤ ደብዳቤው የሚቆለፍበት ምስጢራዊ ቁጥር ነው። ቁልፉ ተነክቶ ከተገኘ ይጣላል፤ ካልተነካ ሥራ ላይ ይውላል።

ሙከራው በሐይቁ ሥር አልቀረም። ኦክቶበር 21 ቀን 2007 የስዊስ የምክር ቤት ምርጫ በተደረገ ጊዜ፥ የጄኔቫ ካንቶን ከድምፅ መቁጠሪያው ጣቢያ ወደ መንግሥት የመረጃ ማከማቻ የሚወስደውን መሥመር በዚህ ብልሃት አስጠበቀ። ከ2009 እስከ 2011 ደግሞ በአካባቢው ሦስት ቦታዎችን የሚያገናኝ መረብ ተተክሎ፥ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሠራ። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ነገር ብዙ ነው፤ በከተማ ክር ላይ ክረምትና በጋ፥ ሌሊትና ቀን መሥራት ግን ሌላ ፈተና ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን አስፈለገ? የሒሳብ አስተማሪ እንደ መሆኔ በቁጥር ላስረዳዎ። 7ን በ13 ማባዛት ለተማሪ ቀላል ነው፤ 91ን ብቻ ሰጥቶ «ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ተገኘ?» ቢሉት ግን ጥቂት ያስባል። ቁጥሩ ከ600 በላይ አኃዞች ያሉት ሲሆን የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተባብረው አይፈቱትም። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የተማመኑበት ቁልፍ በዚህ ችግር ላይ የቆመ ነው። በ1994 ግን ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፥ ኳንተም ኮምፒዩተር የሚባለው መሣሪያ በበቂ ስፋት ከተሠራ ይህን ችግር በቀላሉ እንደሚፈታው አሳየ። እንዲህ ያለ ትልቅ መሣሪያ ገና አልተሠራም። ይሁን እንጂ የተቆለፈውን መልእክት ዛሬ ቀድቶ አስቀምጦ፥ መሣሪያው በተሠራ ቀን መክፈት የሚከለክለው ነገር የለም። ዋጋው ነገ የሚያልቅ ወሬ ቢሆን ግድ የለም። የሕሙማን መዝገብ ወይም የመንግሥት ውል ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት። እንግዲህ መክፈቻው የነገ ቢሆንም ስርቆቱ የዛሬ ነው።

የጄኔቫው ክር ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነው ብል ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። ብርሃኑ በረጅም ክር ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ እንዳያጠናክሩት ደግሞ፥ ቅንጣቲቱን መቅዳት ማለት ማበላሸት ነው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው እውነተኛው ወዳጅ መሆኑንም በራሱ አያረጋግጥም። ከዚህም በላይ በ2010 የኖርዌይ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የብርሃን መቀበያውን በኃይለኛ ብርሃን አሳውረው፥ ሳይታወቅባቸው ቁልፉን ሊወስዱ እንደሚችሉ አሳዩ። የተፈጥሮ ሕግ አልተሰበረም፤ ሰው የሠራው መሣሪያ ግን ተታለለ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተቀይሷል። ይኸውም አሁን ባሉት ኮምፒዩተሮችና ሽቦዎች ላይ ሒሳቡን ብቻ መለወጥ ነው። በኦገስት 2024 የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት፥ ኳንተም ኮምፒዩተርም አይፈታቸውም ተብለው የታመነባቸውን ሦስት የአዲስ ቁልፍ ደንቦች አወጣ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችም ለመንግሥት ሥራ የሚመክሩት ይህን የሒሳብ መንገድ ነው። ለብዙው ቢሮ የሚመጣው ለውጥ ይኸው ይመስለኛል፤ በውድ ዋጋ የተገዛ የብርሃን መሣሪያ ሳይሆን የተለወጠ ፕሮግራም።

አሁን ደግሞ ወደ ጄኔቫ ተመልሰን ሰዓቱን እንይ። ከኮርናቫን አጠገብ ወደ ሰርን የሚሄደውን ትራም ቢይዙ፥ በመጨረሻው ጣቢያ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ይወርዳሉ። ሰርን በ1954 የተቋቋመ የኑክሌር ምርምር ጣቢያ ነው። ከመሬት በታች 100 ሜትር ያህል ወርዶ፥ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ዋሻ አለው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 የዓለም አቀፉን ድረ ገጽ ሐሳብ ያቀረበው እዚህ ነው፤ ጣቢያውም ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ፈጠራውን ያለ ክፍያ ለዓለም ለቀቀው።

በዚያ ሰፊ ዋሻ ዙሪያ የተተከሉት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት መመራት አለባቸው። ስለዚህ ከ2008 ጀምሮ «ነጭ ጥንቸል» የሚባል መረብ ተሠራ። ብልሃቱ መልእክት ልኮ መልሶ በመቀበል በመንገድ የጠፋውን ጊዜ መለካትና ሰዓቱን ያለማቋረጥ ማረም ነው፤ በሙቀት ምክንያት በክሩ ውስጥ የሚደርሰው ለውጥ እንኳ ይታረማል። ልዩነቱ ከአንድ ናኖ ሰከንድ ያንሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብርሃን የሚሄደው አንድ የተማሪ ማስመሪያ ያህል፥ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ንድፉ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ከሰርን ውጭም ተሠራጭቷል፤ በፍራንክፈርት ያለው የጀርመን የአክሲዮን ገበያ የትኛው ትእዛዝ ቀድሞ እንደ ደረሰ ለመለካት ሠርቶበታል።

ሰዓትና ቁልፍ ምን ያገናኛቸዋል ይሉ ይሆናል። መረብ የዘገየው በየትኛው መሥመር እንደ ሆነ የሚታወቀው በሰዓት ነው። ሌባም በገባ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሰዓታቸው የማይስማማ ሁለት ዘበኞች በየትኛው በር መጀመሪያ እንደ ገባ ሊመሰክሩ አይችሉም። ለተራ ቢሮ የናኖ ሰከንድ ጥራት አያስፈልግም፤ የኮምፒዩተሮቹ ሰዓት እርስ በርሱ መስማማቱ ግን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ዛሬ በመሥሪያ ቤትዎ ትንሹ ጸሐፊ ቢሆኑ፥ ነገ መሣሪያ ከሚመርጡት አንዱ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ይህ መዝገብ ስንት ዓመት ምስጢር ሆኖ መኖር አለበት? ቁልፉ ሲያረጅ መሣሪያው ሳይጣል ሊለወጥ ይችላል ወይ? ሰዓቶቻችንስ ይስማማሉ? እስከዚያው ግን የምስጢር ቃሉን በወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛው ላይ የሚለጥፍ ሰው ባለበት ቢሮ የጄኔቫም ክር ሆነ አዲሱ ሒሳብ አይረዳም። ስለ ኳንተም እያሰብን ይህን ብንዘነጋ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእኛ ይደርሳል።