የለቀቅኋት ዓሣ

መሐል ሜዳ ተቀምጦ ስለ ዓሣ የሚጽፍ መምህር ምን ነካው ብላችሁ፣ አንባቢዎቼ፣ ሳትስቁብኝ አትቀሩም። ብትስቁም እውነታችሁን ነው፤ የመንዝ ሰው ባና ደርቦ በጎቹን ይጠብቃል እንጂ ዓሣ ሲያጠምድ ማን አይቶታል? ዳሩ ግን ነገሩ ከጣና ዳር ተነሥቶ እዚሁ ከማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥቶ ያፋጠጠኝ ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ባሕር ዳር አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ ስለ ዓሣ ጥናት ያደርግ ነበርና በክረምቱ ዕረፍት ወደ ጉማራ ይዞኝ ሄደ። ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። ቤዞ ከሚባሉት የጣና ዓሦች አብዛኞቹ ዓይነቶች ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነርሱም አያሌዎቹ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው በየወንዙ ሽቅብ ይጓዛሉ። በዚያ ወራት በወንዙ አፍ ላይ መረብ እየዘረጉ ያገኙትን ሁሉ ማውጣት የዘር እህልን ከጎተራ አውጥቶ እንደ መፍጨት ያለ ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ብቻ ከነዚህ ዓሦች ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል እንደ ጎደለ አጥኚዎች ጽፈዋል። ወዳጄም ይህን ስለሚያውቅ በመረቡ የገባውን ለክቶና መዝኖ ወዲያው ይለቅ ነበር።

እኔ ደግሞ አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣልኝን አንድ መሣሪያ ይዤ ነበር። የዓሣውን የታችኛውን መንጋጋ ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ሁለት የብረት ጥርስ ያለው፣ ከእጀታው ላይ ሚዛን የተገጠመለት መቆንጠጫ ነው። ወዳጄ «እጅህን አርጥብ፤ ከውሃው አታርቃት» እያለኝ ከወዲያ በኩል መረቡን ሲፈታ፣ እኔ አንዲቱን ትልቅ ቤዞ በመንጋጋዋ አንጠልጥዬ ሚዛኑን አነበብሁ። ሁለት ኪሎ ከምናምን ነበረች። አብሮን የመጣውንም ባለታንኳ ፎቶግራፍ እንዲያነሣኝ ለመንሁት። አንድ ጊዜ አነሣኝ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ኖሮ ደገመኝ። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በኩራት ለቀቅኋት። ጥቂት ሄድ አለችና በጎኗ ተኛች፤ ነጭ ሆዷ ወደ ላይ ዞረና ድፍርሱ ውሃ ይዟት ሄደ። ወዳጄ አላየም፤ እኔም አልነገርሁትም።

ወደ ሥራዬ ስመለስ ፎቶግራፉን ለተማሪዎቼ አሳየሁ። «እንስሳን መውደድ እንዲህ ነው፤ ይዤ ለቀቅኋት» ብዬም ተመጻደቅሁ። ከኋላ ወንበር ያለ፣ ጠዋት በግ አሰማርቶ የሚመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እኛ ጠቦት እንኳ ስናነሣ ሆዱን ደግፈን ነው። ባንድ እግሩ ካንጠለጠሉት ይጎዳል። ይህች በአገጯ ተንጠልጥላ ምንም አልሆነችም?» አለኝ። «ኋላ አየዋለሁ» አልሁት፤ ደወሉም አዳነኝ።

ማየቴስ አልቀረም። በባሃማስ ቦንፊሽ በሚባል የባሕር ዓሣ ላይ ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። በዚህ ዓይነት መቆንጠጫ ውሃ ውስጥ እንዳሉ ከተያዙት ዓሦች ከመቶው 80 አፋቸው ቈሰለ፤ ከውሃ ወጥተው የተያዙት ግን አንዳቸውም ሳይቈስሉ አልቀሩም። መንጋጋው የተሰበረና ምላሱ ከሥሩ የተላቀቀም ነበረ። ባራመንዲ የሚባለው የአውስትራልያ ዓሣ ደግሞ የጫሞው ናይል ፐርች የቅርብ ዘመድ ነው። እርሱን በመንጋጋው ቀጥ አድርገው ቢያንጠለጥሉት የአከርካሪው አጥንት ከአሰላለፉ ወጣ፤ ወደ ቦታው ለመመለስም ከሦስት ሳምንት በላይ ሊፈጅበት እንደሚችል በ2009 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በውሃ ውስጥ ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል፤ በአየር ላይ ግን ያ ሁሉ ክብደት በአንዲት መንጋጋ ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ የትራውቱ ቍጥር ነው። ይህ ዓሣ ከውጭ አገር መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ የተራባው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ እስኪደክሙ ድረስ እንዲዋኙ ተደርገው ከውሃ ሳይወጡ ከቀሩት ከመቶው 12 ሞቱ። ሠላሳ ሴኮንድ አየር ላይ የቆዩት ሲሆኑ 38፣ አንድ ደቂቃ የቆዩት ሲሆኑ 72 ሞቱ። ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥብ ከውሃ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጣበቃልና ነው። ቤዞ ትራውት አይደለችም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ ለመነሣት ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ እናንተው ቍጠሩት።

መቆንጠጫው በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጥርሳምና ኃይለኛ ዓሣ ሲገጥም የሰውን ጣት ያድናል፤ መንጠቆውን በፒንሳ እስኪያወጡለት ድረስም ዓሣውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ለመያዝ ይጠቅማል። መንጠቆውም ወደ ኋላ የዞረችው እሾሁ አስቀድማ በፒንሳ ከተጨፈለቀች ቶሎ ይወጣል። ማንሣት የግድ ከሆነ ደግሞ አንድ እጅ ከሆዱ ሥር ገብቶ፣ ዓሣው አግድም ሆኖ ነው። እጅ መርጠብ አለበት ያለኝ ወዳጄም እውነቱን ነበር፤ ደረቅ እጅ ገላውን ከበሽታ የሚጠብቅለትን የሚያሟልጭ ልጋግ ይገፍፈዋል። መመዘንም ቢያስፈልግ በረጠበ ከረጢት ነው እንጂ በመንጋጋ አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶግራፉን እንደ ገና ይዤ ገባሁና በጎኗ መተኛቷን ጭምር ሁሉን ነገርኋቸው። ያ ልጅ ምንም አላለም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን፣ «ታዲያ መምህር፣ የማይበሉትን መጀመሪያውኑ ለምን ያዙት?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዳጄ ቤዞ እንዳትጠፋ ስለሚቈጥር እንደሚይዝ ነገርኋት። «እርስዎስ?» አለችኝ። ለፎቶግራፉ ነው ብዬ መለስሁላት፤ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ዘንድሮ ወዳጄ ለነሐሴ ደግሞ እንድመጣ ጠርቶኛል። እኔም ከአንድ የመሐል ሜዳ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ለስላሳ ጨርቅ መርጬ፣ ሁለት ማንጠልጠያ ያለው ከረጢት አሰፋሁ። ምን ልይዝበት እንደ ሆነ ቢጠይቀኝ ዓሣ ልመዝንበት ነው አልሁት። ከዚያስ ጠብሰህ ትበላዋለህ? አለኝ። የለም፣ እለቀዋለሁ አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ከዋጋው ላይ ዐሥር ብር ቀነሰልኝ።