የማይነሣው ሞተር፤ ከሰኞ ገበያ እስከ ሐይቅ

ደሴን ለማየት የመጣ እንግዳ በሰኞ ቀን የደረሰ እንደ ሆነ መንገድ መሪ አያስፈልገውም። ጭነት የያዘው አህያ፥ ባና የተከናነበው ደገኛ፥ ማሽላ ያስጫነው ቆለኛ፥ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጐርፍ እርሱንም እየገፋ ሰኞ ገበያ ያደርሰዋል። አገራችን መንደሩንና ከተማውን በገበያው ቀን መጥራት ትወዳለች፤ ከባሕር ዳር ወዲያ ሐሙሲት አለች፥ ወደ ሸዋ ሲወርዱ ሮቢት አለች፥ ደሴም ሰኞ ገበያ አላት።

ከተማዪቱ ከጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ግን ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰኞ ገበያ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ የላዩ ገብስና ሱፍ ከታቹ ማሽላና ፍራፍሬ ጋር ይተያያል። ስሟንም ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መሆናቸው ይነገራል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 በዚያ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ስላላቸው «ደሴ» አሏት ይባላል።

እኔ ግን በዚያ ሰኞ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከብረታ ብረት ሻጮቹ ተርታ፥ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ፥ አንድ የጀልባ ሞተር ተጋድሞአል። ሦስት ክንፍ ያለው መዘውሩ ወደ ሰማይ ዞሮ፥ ሽፋኑ በገመድ ታስሮ፥ ባለቤቱ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ይተክዛል። ዕድሜው ሠላሳ የማይሞላ ጐልማሳ ነው።

«ወንድሜ፥ በደሴ ተራራ ላይ የጀልባ ሞተር ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ከሐይቅ ነው ያመጣሁት። ከዕቁብ በወጣ ገንዘብ ነው የገዛሁት። ሁለት ወር ሠርቶ ተኛ። አንድ ባለሙያ አይቶ ‹ፒስቶኑ ተበልቶአል፥ አለቀለት› አለኝ። እነሆ ለብረት ልሸጠው ነው።»

ገዢው አጠገቡ ቆሞ ብሩን ቈጥሮ ይዞአል። የሰጠውም ዋጋ የዕቁቡን ገንዘብ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ዕቁቡ ደግሞ ገና ተከፍሎ አላለቀም። ጐልማሳው «ይሁን» ሊል አፉን ሲከፍት፥ ቡሎን ለመግዛት የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉ። ጣታቸው በዘይት የጠቈረ፥ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ ሰው ናቸው።

«አንተ ልጅ፥ ከመሸጥህ በፊት ጠይቀኸዋል?»

«ማንን፥ ጋሼ?»

«ሞተሩን ነዋ!»

ይህን ብለው ሞተሩን ቀጥ አድርገው አስያዙት፤ ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን አዩና የመነሻ ገመዱን ቀስ አድርገው ሳቡ። ገመዱ ጥቂት መጣና ከበደ፤ እንደ ገና ሲስቡት እንደ ገና ከበደ። «አየኸው?» አሉ፤ «ፒስቶኑ ቢያልቅ ኖሮ ገመዱ እንደ ፈትል በቀለለ ነበር። ይህ የሚገፋህ በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ይህ ሞተር አልሞተም፤ ተራበ ወይም በረደው እንጂ። አብሽር፥ ነገ ሐይቅ ድረስ እመጣለሁ።»

ብረት ገዢው ብሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እኔም በማግሥቱ አብሬ ለመሄድ ፈቃድ ጠየቅሁ።

ወደ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየዞረ ሲወርድ፥ ብርዱ እየቀለለ፥ በመጨረሻም ሰማያዊው ውሃ በተራሮች መካከል ብቅ ይላል። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ ስፋቱ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንካርካ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም።

የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያወራው ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ ይላል። ያም ደረቅ ስፍራ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው፤ ቀድሞ ደሴት ነበር፥ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዞአል። አባ ኢየሱስ ሞዐ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ወደዚያ መጥተው ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ተምረዋል። በእርሳቸው ዘመን የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ቈይቶአል።

ዓሣ ማጥመድ የሐይቁ ዳር ሰው እንጀራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ከተጨመረ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ በእርሱ ይኖራል። ሞተር ያለው ሰው መረቡን ማልዶ ሰብስቦ ፀሓይ ሳይበረታ ይመለሳል፤ መቅዘፊያ ብቻ ያለው ግን ዓሣው በመንገድ ይበላሽበታል። የጐልማሳው ሐዘን ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ሽማግሌው ሞተሩን ከጀልባዋ ጀርባ አስገጥመው ከረጢታቸውን ፈቱ። ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ የካንዴላ ቁልፍ፥ የሽቦ ብሩሽና አንድ ባዶ የሻይ ብርጭቆ አወጡ። የመካኒኮቻችን ቋንቋ ከጣሊያንኛ የተዋሰው ብዙ ነው፤ ካንዴላ ማለት በጣሊያንኛ ሻማ ነው፥ ብልጭታ ስለሚሰጥ ይህን ስም አገኘ።

«ቤንዚን የሚበላ ሞተር ሁሉ» አሉ፥ «ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ምግብ፥ እሳትና እስትንፋስ። ሦስቱን በተራ ጠይቀው። ተራውን ከዘለልህ ግን ደኅናውን ስትፈታ ትውላለህ።»

አስቀድመው ያዩት ቀላሉን ነው። ነጂው በእጁ አንጓ የሚያስረው ቀይ የደኅንነት ገመድ አለ፤ ጫፉ ከቦታው የወጣ እንደ ሆነ እሳቱ ስለሚቋረጥ ሞተሩ መቼም አይነሣም። እርሱ በቦታው ነበረ። ማርሹም ባዶ ላይ ነበረ። «ስንቱ ሰው» አሉ፥ «በዚህች ቁራጭ ፕላስቲክ ምክንያት ገመድ ሲስብ ትከሻው ወልቆአል።»

ቀጥለው ካንዴላውን ፈቱ። ጫፉ በጥቁር ቅባት ተለውሶአል፥ ርጥብም ነው። ካንዴላው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው፤ ርጥብ ከሆነ ግን ደርሶአል፥ ነገር ግን አልነደደም። የቤንዚኑን በርሜል ወደ ዳር አስወስደው፥ ካንዴላውን ጠርገው ከገመዱ ጋር አገናኙትና ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነኩት። ገመዱ ሲሳብ ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ አለ። ደካማ ነበረ፥ ግን ነበረ። «እሳት አለ» አሉ።

ከዚያ በካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርገው ፈሳሹን በብርጭቆው ተቀበሉና በፀሓይ ፊት አቆሙት። ሁላችንም ጐንበስ ብለን አየን። ላዩ ቀላ ያለ ቤንዚን ነው፤ ታቹ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፥ በግልጽ መስመር የተለየ ሌላ ፈሳሽ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፥ ውሃው ሁልጊዜ ከታች ይተኛል። የሞተሩም መጥመጫ ከታች ስለሆነ የሚጠባው ውሃውን ነው።

«ጄሪካንህን በምን ትከድነዋለህ?»

ጐልማሳው አንገቱን ደፋ። «ክዳኑ ጠፍቶ ነበር፤ በፌስታል አስሬ ጀልባው ላይ አሳድረዋለሁ።»

«ዝናቡም ገባልህ። ዘይቱንስ እንዴት ትቀላቅላለህ?»

«እንዳይጐዳብኝ ብዬ አበዛለት ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። ብዙዎቹ የዚህ ዐይነት ሞተሮች፥ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅላቸው፥ ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ይበቃቸዋል፤ ለ10 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሲበዛ ካንዴላውን ያለብሰዋል። በዚያ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። በ2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ያፈናል፥ ያጨሳል፥ ጕልበቱም በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ለባሕር ወለል የተሠራውን የካርቡራቶር ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ስለዚህ የደጋ ሞተር የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ከረኃብ ሳይሆን ከጥጋብ ነው።

የካርቡራቶሩን ማጠራቀሚያ አጠቡ፤ ፊልትሮውን አራገፉ፤ ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ፈትገው አደረቁ። አዲስ ቤንዚን በልኩ ከዘይት ጋር ተቀላቀለ። በቱቦው መካከል ያለውን የጎማ ፊኛ ጠንከር እስኪል ጨመቁት። ከዚያ «በስመ እግዚአብሔር በል» አሉት። ጐልማሳው «ቢስሚላህ» ብሎ ሳበ። አንድ፤ ሁለት፤ በሦስተኛው ሞተሩ አስነጠሰ፤ በአራተኛው ሰማያዊ ጢስ ተፍቶ ተነሣ። ከጎኑም ቀጭን የውሃ ፈሳሽ ወጣ፤ ይህም ማቀዝቀዣው እንደሚሠራ ምልክት ነው። ጐልማሳው እጁን በፊቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ።

ከውሃው መካከል

ደስታው ስለ በዛ ወደ ገዳሙ አቅጣጫ ጥቂት ልንንሸራሸር ወጣን። ተንሳፋፊ ጃኬት ለበስን፤ በጀልባዋ ግን ያለው መቅዘፊያ አንድ ብቻ ነበረ። ዳሩ ራቀ፤ ውሃው ከሰማያዊ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ስለ ሞተር አነሣስ ስናወራ እኔ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ በኖርዌይ የተወለደ ሰው በአሜሪካ ሚልዋኪ አጠገብ ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣላት በበጋ ቀን ጀልባ ሲቀዝፍ አይስክሬሙ ስለ ቀለጠበት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 የጀልባ ሞተር እየሠራ መሸጥ እንደ ጀመረ ይነገራል። በስሙ የሚጠራው ሞተር መሠራቱ የቆመው በ2020 ነው።

ታሪኩን ሳልጨርስ ሞተሩ ድምፁ ሰለለ፥ ተንገዳገደ፥ ጸጥ አለ።

የከሰዓት ነፋስ መነሣት ጀምሮ ነበር። ማዕበሉ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን ጀልባዪቱን ወደ መካከል ይገፋታል። ከሥራችን ሰማንያ ሜትር ውሃ አለ። ጐልማሳው መነሻ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፤ አልተነሣም። «ያ ሰውዬ እውነቱን ነው መሰለኝ፤ አለቀለት» ሲል ድምፁ ተሰበረ። እኔም መቅዘፊያውን ያዝሁ፤ በአንድ መቅዘፊያ ግን ጀልባዋ ትዞራለች እንጂ አትሄድም።

ሽማግሌው ብቻ አልቸኰሉም። «እንደ ገና ከመጀመሪያው። ቀይዋ ገመድ?» አለች። «ማርሽ?» ባዶ ላይ ነው። «ምግብ?» ሲሉ የጎማውን ፊኛ ዳሰስሁ፤ ተጨምቆ ተጣብቆአል፥ እንደ ደረቀ በለስ ጠፍጣፋ ሆኖአል። ያን ጊዜ ልቤ ደነገጠ፤ ምክንያቱን ዐውቄ ነበርና። በዳር ሳለን የቤንዚኑ ሽታ ቢያስቸግረኝ፥ በታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ጥርቅም አድርጌ ያጠበቅኋት እኔ ነኝ። እርሷ የአየር ማስገቢያ ናት። ቤንዚኑ ሲጠባ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ቤንዚኑ መምጣቱን ያቆማል።

ብሎኗን ሳላላት ታንኩ «ሽ...» ብሎ አየር ሳበ። ፊኛው ቀስ ብሎ ተነፋ። ጥቂት ጊዜ ጨመቅነው፤ ጐልማሳው ሳበ፤ ሞተሩ በሁለተኛው ተነሣ። ጥፋቴን ነገርኋቸው። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ «ሦስተኛው ጥያቄ እስትንፋስ ነው አላልኩም? ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ታንኩም ይተነፍሳል» ብለው ዝም አሉ።

ስንመለስ ገዳሙ በዛፎቹ መካከል በስተግራችን ታየ፤ ፀሓይዋም ወደ ተራሮቹ አዘንብላ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ የጽሕፈት ቤት ሰው ነኝ፤ ከሞተር ይልቅ ከፋይል ጋር ነው የምውለው። ሆኖም ያ ቀን ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው፥ «አለቀለት» የሚለው ቃል ከምርመራ በፊት የተነገረ እንደ ሆነ የሰውን እንጀራ ለብረት ያሸጣል። ሁለተኛው፥ ጥፋቱን ስንፈልግ የራሳችንን እጅ ከምርመራው ማውጣት አይገባንም፤ በገበያው ዕውቀቱን የማላውቀውን ሰው ስወቅስ የዋልሁት እኔ፥ በውሃው መካከል ሦስት ነፍስ ያስጨነቅሁት በአንዲት ብሎን ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት በሰኞ ገበያ በኩል አለፍሁ። ጐልማሳውን ከዕቃ ሻጮቹ ዘንድ አገኘሁት። ሞተሩን ሊሸጥ አልመጣም፤ ክዳን ያለው ጄሪካንና ሁለተኛ መቅዘፊያ ሊገዛ ነው። አንዱን ጄሪካን አንሥቶ ክዳኑን አጠበቀ፥ አላላ፥ ደግሞ አጠበቀ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፥ «ጋሼ፥ ይህችኛዪቱን እንኳ አጥብቀው ቢዘጉብኝ አይከፋኝም» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን።