«እንዳታቋርጪ» ብቻ አይበቃም

አክስቴ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባት የስድስት ወሩን መድኃኒት እንደጀመረች «ጸበሌንም ልጠመቅ» ብላ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ቤት ተከራየች። እኔም በየቅዳሜው ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ ስንቅ አደርስላት ነበር። ገና ሳልቀመጥ የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «ኪኒኑን እየዋጥሽ ነው አይደል? እንዳታቋርጪ!»

ስጋቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ተራራ ላይ ብዙ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን በጸበሉ ብቻ ተማምነው መድኃኒት ይተዉ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ እስከ መናገር ደርሰዋል።

በአምስተኛው ሳምንት ስሄድ እህል አስጠልቷት ስታስመልስ አገኘኋት። ጎረቤቶቿ «ጸበሉ እያወጣላት ነው» አሉ። ሽንቷም ቀልቷል። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ሽንት እንደሚያቀላ ቀድሞ ስለተነገራት ሁለታችንም አልደነገጥንም። «አይዞሽ፣ ብቻ እንዳታቋርጪ» ብያት ወረድኩ።

በሳምንቱ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። አንዲት እናት «የወፍ በሽታ ነው፤ ሥር ተቀጥቅጦ ትጠጣ» አሉ። እሺ አላልኩም፤ ደግፌ ሆስፒታል ወሰድኳት። ደሟ ተመረመረ፤ ጉበቷን የጎዳው የምትውጠው መድኃኒት ነበር።

ከነቀርሳ መድኃኒቶች አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበት ሊጎዱ እንደሚችሉ ሐኪሙ አስረዳን። አብዛኛው ሰው ይቋቋማቸዋል። የሪፋምፒሲን ሽንት ብርቱካናማ ነው፤ ጉበት ሲጎዳ ግን እንደ ወፈረ ሻይ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ሁሉ ቆመ፤ ጉበቷ ሲያገግም አንድ በአንድ እየተሞከረ ተመለሰላት። ከስድስት ወር በላይ ቢፈጅባትም ጨርሳ ድናለች።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ሆስፒታል ተኝታ ያለችኝ ነው፦ «ዓይኔ ከቢጫ ሦስት ቀኑ ነበር። አንተ እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው የዋጥኩት።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አክስቴ የደበቀችው ግን እኔን ፈርታ ነው። ነገ ራዲዮ ላይ የጤና መልእክት የምናዘጋጅ እኛ ነን። «አታቋርጡ» ማለቱ ትክክል ነው፤ ነቀርሳ ሲቋረጥ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ነገር ግን አንድ መስመር እንጨምርበት፦ የምግብ ፍላጎታችሁ ከጠፋ፣ ካስመለሳችሁ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጣችሁ በፊት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እኔም ዛሬ ሰው ስጠይቅ «ዋጥሽ?» ከማለቴ በፊት «እንዴት ነው የተስማማሽ?» እላለሁ።