«ስኳር የሌለው» ለስላሳ

ጎጆ ከተማ የምንሠራ አንድ ባልደረባዬ ቦርጩን ለማጉደል «ስኳር የሌለው» ለስላሳ ይጠጣል፤ «ስኳር ቀንሻለሁ» ብሎም ሁለተኛ ቦንቦሊኖ ያዛል። መርዝ ነው አልለውም፤ አስፓርታም የተባለው ማጣፈጫ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊግራም ተፈቅዷል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2015 ዓ.ም. ክብደትን ለመቆጣጠር ብሎ እንዲህ ያሉ ማጣፈጫዎችን መውሰድ እንደማይመክር አስታውቋል፤ ውሎ አድሮ ውፍረት አይቀንሱምና። የለስላሳው አሲድም ጥርስ ይጎዳል።

ታዲያ ምን እንጠጣ? አምቦ ጎረቤታችን ናት፤ ጣዕም ያልተጨመረበት ጠበሏ በተፈጥሮው ጋዝ አለው፥ ስኳር ግን የለውም። ደጋችንም ገብስ ያበቅላል፤ የተበጠበጠ በሶ ጥም ይቆርጣል፤ ምግብ ነውና በምሳ ላይ አይደረብ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ከሁሉ የሚቀድመው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ለደመወዝተኛ ኪስም ይራራል።