የቁልቋል ዘር ቆጠራ

በደጃችን ከቆርቆሮው አጥር በላይ ቀጥ ብሎ የወጣውን እሾኻም ተክል ሰፈርተኛው ሁሉ «ቁልቋል» ይለዋል። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ልጆች በተጠጉት ቁጥር «ወተቱ ዓይን ያጠፋል!» ብለው ይቆጣሉ።

ስለ ቁልቋል ከሆነ እውነታቸውን ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ሲያይ፣ የቁልቋል ሁለት ቅርንጫፍ በጎራዴው ቢመታ አራት ጋሎን ያህል ወተት ፈሰሰ ብሎ ጽፏል። አንድ ጄሪካን ሊሞላ ምን ቀረው! ጋሎኑን ከመንገደኛ ወሬ ቁጠሩልኝ፤ የጎራዴው እድፍ ታጥቦ አልለቅ አለ ማለቱን ግን አምነዋለሁ።

የእኛ ደጅ ቋሚ ግን ቢቆረጥ ጠብታ ወተት የለውም፤ የሚወጣው ውሃ መሳይ ዝልግልግ ነው። የቁልቋል እሾህ በሸንተረሩ ጠርዝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወርዳል፤ የዚህኛው ከአንዲት ጸጉራም ነጥብ በርከት ብሎ ይወጣል። ያቺ ነጥብ የካክተስ ወገን መታወቂያ ናት። ቁልቋል ጥቃቅን ቢጫ አበባ ሲያወጣ፣ ይሄ ከመዳፍ የሚበልጥ ነጭ አበባውን ከመሸ በኋላ ይከፍትና ፀሐይ ሲበረታ ያጠወልጋል። ሁለቱ ድርቅ በየአገራቸው አንድ ዓይነት መልክ ያስያዛቸው ባዳዎች ናቸው።

የእኛው ሴሪየስ ይባላል፤ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ይወሳሰባል። ፔሩን ረግጦ የማያውቀው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አንዱን ባለ ዘንግ ካክተስ «የፔሩ» ብሎ መዘገበ፤ አትክልት ሻጮችም ይህንኑ ስም ይዘው ቀሩ። በዚያ ስም በየግቢው የሚተከለው ግን አብዛኛው የደቡብ ብራዚልና የኡራጓይ አካባቢ ተወላጅ ነው። ስም በመሳሳት እትዬ ብቻቸውን አይደሉም ማለት ነው። ለነገሩ በለስም የሜክሲኮ ሰው ነበር፤ ዛሬ ትግራይ ውስጥ ባላገር ነው።

ማራባቱ ቀላል ነው፤ ያስቸገረኝ ሰውን ማሳመኑ ነው። ክንድ የሚያህል ቆርጠህ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ተክለህ ትተወዋለህ። «ሳላጠጣው?» ይሉኛል። አጠጥተው ያበሰበሱት ጥቂት አይደሉም።

እትዬ ሰሞኑን ፍሬ አማራቸው። በእስራኤል፣ ቤርሳቤህ ያሉ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ካክተስ አልምተው ፍሬው ለገበያ እንደበቃ ነግሬያቸው ነበር። የእኛው ግን ያብባል እንጂ አያፈራም፤ የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም። በሰፈሩ ያለው ሁሉ ደግሞ ከአንዱ ግንድ የተቆረጠ ስለሆነ ያው ራሱ ነው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥር ተክሉም ይቆጥራል። እናም ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሰው አጥር ላይ ባዳ ሴሪየስ እፈልጋለሁ።

ይህን ብነግራቸው እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፦ «እንግዲህ ለቁልቋል ሽማግሌ ልትልክ ነዋ!»