የዋጫ ደንና የሲኒማ ሙዚቃ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ካፋ የሚጓዝ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ሳይሻገር አይደርስም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ድልድዩን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ዛፉም ይበዛል። ተሳፋሪዎችም ማንም ሳያዝዛቸው መስኮቱን አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ቦንጋን አልፎ በውሽውሽ የሻይ ተክል በኩል ወደ ሚዛን የሚያመራው መንገድ የጨና ወረዳ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ዋጫ ያደርሳል። እኔም በዚህች ከተማ አስተማሪ ነኝ።

ስለ ካፋ ቡናና ስለ ካፋ ማር ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ ድምፅ ነው። በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን በለወጠ ቍጥር መንገዱም አብሮ ይለወጣል። ፈጣን ዘፈን ሲሰማ ደኑ ወደ ኋላ የሚሮጥ አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ዝግ ያለ ትዝታ ሲጫወት ግን ያው ደን፣ ያው ጭጋግ፣ በመንገዱ ዳር ውኃ ተሸክማ የምትሄደው ያችው ሴት፣ ሁሉም ያልተነገረ ታሪክ ያላቸው ይመስላሉ። ዓይናችን ያየው ያንኑ ነው፤ የተለወጠው ጆሮአችን የሰማው ነው። ሲኒማም ከተመልካቹ ልብ የሚደርሰው በዚሁ ምሥጢር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመንገዳችን መነሻ ከጅማ እንጀምር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያች ከተማ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ዌልስ ለትምህርት ተልከው፣ በኋላም በሎንዶን ትሪኒቲ ኮሌጅና በቦስተን በርክሊ ሙዚቃ ተምረዋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺ ሆዬንና አምባሰልን የመሳሰሉትን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ ለዓለም አስተዋውቀዋል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ «ብሮክን ፍላወርስ»፣ ማለትም «የተሰበሩ አበቦች» የሚል ፊልም አወጣ። በቢል መሪ የተወከለው ባለታሪክ የድሮ ወዳጆቹን ፍለጋ በመኪና ይጓዛል። የጉዞውን ዕቅድ አውጥቶ የሚሰጠው ዊንስተን የተባለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚሰማውንም ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ያስይዘዋል። ያም ሙዚቃ «የከርሞ ሰው» የተባለውን ጨምሮ የሙላቱ ሥራ ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሙዚቃው ለዚያ ፊልም የተጻፈ አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ተቀርጾ የነበረ ነው። በፊልሙ የሚታየውም መንገድ ተራ የአሜሪካ መንገድ፣ ቤቱም ተራ ቤት ነው። ድምፁን ዘግቶ ለሚያይ ሰው አንድ የሰለቸው ሰው መኪና ሲነዳ ብቻ ይታየዋል። ሙዚቃው ሲገባ ግን ሰውዬው ያለፈ ዕድሜውን የሚፈልግ መንገደኛ ይሆናል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ግራን ፕሪ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። እንግዲህ የጅማ ልጅ ያቀናበረው ዜማ ለአሜሪካ ጎዳና ነፍስ ሊዘራበት ከቻለ፣ ከጅማ ወደ ታች ለሚወርደው ለኛ መንገድማ ምን ያህል ይጠቅመው ነበር!

ከሲኒማ ሙዚቃ ደራሲዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ኤንዮ ሞሪኮኔን ነው። ሞሪኮኔ በ1928 እ.ኤ.አ. በሮም ተወልዶ በ2020 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ አረፈ። በዕድሜው ከ400 በላይ ለሆኑ የሲኒማና የቴሌቪዥን ሥራዎች ሙዚቃ ጽፏል። ሰርጅዮ ሌዎኔ ለተባለው አዘጋጅ በሠራቸው የካውቦይ ፊልሞች ውስጥ ፉጨትን፣ የጅራፍ ጩኸትን፣ ደወልንና የሰው ድምፅን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ አድርጎ ከኦርኬስትራው ጋር አሰለፋቸው። በ1968 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ለተባለው ፊልም ደግሞ ዋና ዋናዎቹን ዜማዎች ፊልሙ ሳይቀረጽ አስቀድሞ ጻፈ። ተዋናዮቹም በቀረጻው ቦታ ሙዚቃውን እየሰሙ ተጫወቱ። በዚህ ጊዜ ሙዚቃው የሥዕሉ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ መሪው ሆነ ማለት ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ በዋጫ ስኖር ዘወትር ትዝ የሚለኝ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ሚሽን» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በደቡብ አሜሪካ ደን ውስጥ ነው። አንድ ካህን ብቻውን ወደ ደኑ ገብቶ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ኦቦ የተባለውን ከእንጨት የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ መንፋት ይጀምራል። የደኑ ሰዎች ቀስት ይዘው ከዛፉ መካከል ብቅ ይላሉ። ካህኑ እየፈራ ይነፋል። ከመካከላቸው አንዱ ተቈጥቶ መሣሪያውን ነጥቆ ይሰብረዋል፤ ሌላው ግን የተሰበረውን አንሥቶ ሊጠግነው ይሞክራል።

ሞሪኮኔ ለዚህ ፊልም ሦስት ዓይነት ድምፅ አዘጋጀ። አንደኛው የካህኑ ኦቦ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ሦስተኛው የደኑ ሕዝብ ከበሮና ዝማሬ ነው። ሦስቱ መጀመሪያ ለየብቻቸው ይሰማሉ፤ በኋላ ግን አንዱ ሌላውን ሳይውጠው በአንድነት ይሄዳሉ። ኦቦው ወደ ደኑ ከውጭ የገባ ነው፤ ከበሮው ግን ቀድሞም በዚያው የነበረ ነው። የደራሲውም ታላቅነት ቀድሞ የነበረውን ዝም አለማሰኘቱ ነው።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤታችን ላለው የሚኒ ሚዲያ ክበብ በቃል ማስረዳት አስቸጋሪ ሆነብኝ። ስለዚህ በፈተና ልናየው ተስማማን። አንድ ቀን ማለዳ ከከተማው ዳር ጭጋጉ ከደኑ ላይ ሲነሣ በስልኬ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀረጽሁ። ከሰዓት በኋላ በአንድ ክፍል ተሰብስበን መስኮቱን በካርቶን ሸፈንን። ኮምፒዩተሩንም ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተን ያንኑ ሥዕል አራት ጊዜ አየነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ከአንድ አስፈሪ ፊልም የተወሰደ ሙዚቃ ከፈትንበት። ከፊት የተቀመጠው ልጅ፣ «ቲቸር፣ ከዛፉ ኋላ የሚወጣው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። የሚወጣ ማንም አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ የሙላቱን ሙዚቃ ከፈትን። ሌላው ልጅ፣ «ይህ ሰው ከአገሩ ርቋል» አለ፤ በሥዕሉ ውስጥ ግን ሰው የሚባል አይታይም። በሦስተኛው ጊዜ የሞሪኮኔን ኦቦ አሰማናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዱም በሹክሹክታ፣ «ቤተ ክርስቲያን መሰለ» አለ።

በአራተኛው ጊዜ ምንም ሙዚቃ ሳንጨምር ስልኩ በራሱ የቀዳውን ድምፅ ከፈትን። መጀመሪያ ሳቁ፤ የሚያውቁት ነገር ከድምፅ ማጉያ ሲወጣ አስገርሟቸዋል። ከዚያም ከኋላ የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አንሥታ፣ «ይህ ጎሕ ሲቀድ የተቀረጸ ነው፤ ጉሬዛዎቹ እየተጣሩ ነው» አለች። በእርግጥም ከጭጋጉ ውስጥ እንደ እንቍራሪት የሻከረ ረዥም ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ሲያቆም ከሩቅ ሌላው ይቀበለዋል። ለኔ ጩኸት የነበረው ለእርሷ ሰዓት ነበር።

በዚህ መካከል ከልጆቹ አንዱ ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «ቲቸር፣ የኛን ደን በፊልም ሲያሳዩ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሌላ አገር ሙዚቃ የሚያደርጉበት? የኛ ደን የራሱ የለውም?» አለ። ስለ ቡና የተሠራ አንድ አጭር ፊልም አይቶ ኖሯል። ቡናው የካፋ ነው፤ ዛፉም የካፋ ነው፤ ጊታሩ ግን ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ወጣት የገዛ አገሩን በሲኒማ ባየ ቍጥር የሰው ድምፅ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ታላቅ ነገር ሁሉ ከውጭ የሚመጣ፣ የእርሱ ግን ለቤት ብቻ የሚሆን መስሎ ይታየዋል። አገሩ ሥዕሉን ይሰጣል፤ ትርጕሙን የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

በአገራችን ግን መንገዱን ያሳዩ ሰዎች አሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የእረኛውን ዋሽንት መሠረት አድርገው ለኦርኬስትራ ድርሰት ጽፈዋል። ሙላቱ አስታጥቄም ስለ ደቡቡ የደራሼ ሕዝብ ሲናገሩ፣ ይህ ሕዝብ በሸምበቆ መሣሪያዎቹ የሚያወጣው ቅኝት የጃዝ ሊቃውንት ዲሚኒሽድ ከሚሉት ጋር እንደሚገጥም ደጋግመው አስረድተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ደግሞ ሙዚቃው የተደረሰው በኢትዮጵያዊው በጆርጋ መስፍንና በአሜሪካዊው በቪጃይ አየር ነው። በዚያው ዓመት በካርቴጅ የፊልም ፌስቲቫል ፊልሙ ዋናውን ሽልማት ሲወስድ ሙዚቃውም ለብቻው ተሸልሟል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ የሲኒማ ሙዚቃ ደራሲ ገና የሚታለም ነገር አይደለም።

ለዋጫና ለካፋ የሚመጣው ደራሲ ምን ያገኛል ቢባል፣ የሚሰማ ጆሮ ካለው ብዙ ያገኛል። ዝናም በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲጀምር በጣት እንደሚመታ ከበሮ ነው፤ ሲበረታ አስተማሪው ትምህርቱን አቋርጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። ማታ ማታ ከየቤቱ የቡና ሙቀጫ ይሰማል፤ ሁለት ጎረቤቶች አብረው ሲወቅጡ አንዷ የሌላዋን ምት ትጠብቃለች። በረዣዥም ዛፎች ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች የንብ ድምፅ ይወርዳል። ትልቅ መንቍር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ክንፉ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ከዚህም ሁሉ በላይ አረጋውያን በካፊ ኖኖ የሚያዜሙት የሥራና የሐዘን ዜማ አለ።

የካፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዛፍ ሲቈረጥ ጕቶው ይታያል፤ ድምፅ ሲጠፋ ግን ጕቶ የለውም። ደን ሲመነጠር ጉሬዛው የመጨረሻው ዛፍ እስኪወድቅ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይሄዳል። አንድ አዛውንትም ሲያርፉ ማንም ያልቀዳው ዜማ አብሯቸው ይቀበራል።

እንግዲህ በየወረዳው ተመድባችሁ የምትሠሩ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ለዕረፍት ወደየቤታችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ ኦርኬስትራ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ። ሁላችንም በኪሳችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይዘናል። የአገራችሁን ድምፅ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቅዱ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና የተናገረበትን ቋንቋ ጻፉበት። ነገ ከናንተ መካከል የሙዚቃ ደራሲ ቢነሣ፣ ወይም አንድ ፊልም አዘጋጅ ካሜራውን ይዞ ወደ ወረዳችሁ ቢመጣ፣ የሚሰማው ነገር ያገኛል። ሞሪኮኔም ቢሆን ከበሮው ባይኖር ኦቦውን ከምን ጋር ያስማማው ነበር?

የኛ ክበብ ሥራውን ጀምሯል። በየሳምንቱ አንድ ድምፅ እንቀዳለን፤ በአንድ ባለ መስመር ደብተርም እንመዘግበዋለን። በመጀመሪያው ገጽ በመጀመሪያው ተራ ቍጥር ላይ ያች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በገዛ እጇ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ጉሬዛ። ዋጫ፣ ከከተማው ዳር። ጎሕ ሲቀድ።»