ዘሩ ወይስ አፈሩ?

በኮሶበርና በቲሊሊ መካከል፣ ከባሕር ዳር መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። እሳተ ገሞራ የቆፈረው፣ 166 ሜትር ያህል የሚጠልቅ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ክብ ውሃ ነው። መንገደኛ ውሃውን አድንቆ ያልፋል፤ የአካባቢው ገበሬ ግን ከውሃው ይልቅ የሚያሳስበው አፈሩ ነው። ዝናብ የሚበዛበት ያ ደጋ ዘመን ከዘመን ሲታጠብ ኖሮ አፈሩ ኮምጥጧል። ገብሱ ሲቀጭጭበት ገበሬው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዘሩን ነው። ዘር ይለውጣል፤ አዲሱም ዘር እንደ ቀድሞው ይቀጭጫል። በመጨረሻ ወይ ኖራ በትኖ አፈሩን ያክመዋል፣ ወይም ማሳውን ለዲከረንስ ለቆ ከሰል ያከስልበታል። ያው ዘር ግን ሌላ ማሳ ላይ ቢወድቅ ጎተራ ይሞላ ነበር።

ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ? ይህን የገበሬ ጥያቄ ወደ ካንሰር ሕክምና ያመጣው ስቲቨን ፓጄት የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አገላበጠ። የካንሰር ፍርፋሪ በደም ተጉዞ በአጋጣሚ ካረፈበት ቦታ ይበቅላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጉበትና ጣፊያ ተቀራራቢ ዕጣ በደረሳቸው ነበር። መዝገቡ ግን በ241 ሰዎች ጉበት ላይ፣ በ17 ሰዎች ብቻ ጣፊያ ላይ ካንሰር አሳየ። ፓጄት እንግዲህ ዘሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ነው ሲል ደመደመ።

ለመሆኑ ይህ አፈር ምንድን ነው? እኛ ዕጢ ስንል የክፉ ሕዋሳት ክምር ብቻ ይመስለናል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ዕጢ መንደር ነው። ከካንሰሩ ሕዋሳት ጎን ጤነኞች አብረው ይኖራሉ፦ የሰውነትን ማያያዣ ክር የሚፈትሉ፣ ደም የሚያደርሱ ሥሮች፣ ባዕድ ነገር ሲያዩ የሚውጡ ዘበኞች። ካንሰር እነዚህን ሁሉ አይገድላቸውም፤ ይመለምላቸዋል። ክር ፈታዩ መተላለፊያ ይሠራለታል። ከዘበኞቹ አንዳንዶቹ ሌሎቹን ዘበኞች ያስተኙለታል። የደም ሥር ወደ እሱ ይቀጠላል፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዳው፣ አዲስ የደም ሥር ያላበጀ ዕጢ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም። ከዚህም በላይ ካንሰር ስኳርን በጥድፊያ እያነደደ ዙሪያውን በአሲድ ያኮመጥጣል። እሱ ለምዶታል፤ የሚዳከሙት ጎረቤቶቹና ሊወጉት የመጡት ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እዚህ ግን ድሩ የሚያብረው ለአንበሳው ነው።

ሰውነታችን ስለ ምን ይህን ያህል ይታለላል? ሃሮልድ ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር አመሳሰለው። ቁስል ሲደርስብን ሰውነት ለእርዳታ ይሮጣል፤ ሥር ይቀጥላል፣ ክር ይፈትላል፣ ሲሽር ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ካንሰር ያንኑ የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማል፤ ጥሪውን ግን አያቆምም።

ይህ ሁሉ ለእኔ ከወረቀት ላይ ወርዶ ሥጋ የለበሰው በአክስቴ ነው። አክስቴ ከዘንገና ብዙም ሳትርቅ የምትኖር ገበሬ ናት። ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ዕባጭ አግኝታ፣ ስላላመማት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳትናገር ቆየች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይህ ነው። ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሲያዝላት ዘመድ ተሰብስቦ «ቢላ የነካው ነቀርሳ ይሰራጫል» አለ። ተቀደው የሞቱ ሰዎች ስም አንድ በአንድ ተቆጠረ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አባባል አላዋቂነት ነው ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ሚና ቢሴል የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጫጩቶች ላይ የሠሩትን አነበብኩ። ዕጢ የሚያመጣ ቫይረስ አንዱ ክንፍ ላይ ሲወጋ ዕጢ የሚወጣው እዚያው ነው። ሌላው ክንፍ ቢቆስል ግን በቁስሉ ላይ ዕጢ ይበቅላል። ስለዚህ ዘመዶቼ ቁስልንና ዕጢን ማዛመዳቸው ከንቱ አልነበረም፤ የተሳሳተው መደምደሚያቸው ነበር። የቀዶ ሕክምና ቁስል ይሽራል። የማይሽረው ቁስል ራሱ ዕጢው ነው፤ እሱን መተው ጠሪውን እየጠራ መተው ነው። ከተቀደዱ በኋላ የሞቱትም አብዛኛዎቹ ዘግይተው በመሄዳቸው ዘሩ አስቀድሞ የተበተነባቸው ናቸው።

አክስቴ ይህን ሁሉ በጸጥታ ሰማችና፣ «እሺ ልጄ፣ እንክርዳዱን ነቀላችሁት እንበል፤ አፈሩንስ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ከሐኪምም አልሰማሁም።

አፈሩም መታከም ጀምሯል። የእሷ ዕጢ በሴት ሆርሞን የሚመገብ ዓይነት ስለነበር፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ለአምስት ዓመት እንድትውጥ ታዘዘላት፤ ተደብቆ የቀረ ዘር ቢኖር ከሆርሞኑ እንዳይጠቀም ነው። የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ሲዘልቅ አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን ያነሣሣል፤ የሚፈርሰው አጥንትም በተራው ካንሰሩን ይመግበዋል። ይህን አዙሪት የሚያዘገይ፣ አጥንትን የሚያጠነክር መድኃኒት አለ። የሰውነትን ዘበኞች ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕክምና መንገድ የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ነገር ግን የዚህ ሕክምና ዋጋ ለአንድ የአዊ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም። የጨረር ሕክምና እንኳ ለረጅም ዘመን በአገራችን የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ በሽተኛ ሁሉ እዚያ ተራ ይጠብቅ ነበር።

አክስቴ ኪኒኗን መዋጥ ከጀመረች ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው። ድናለች ብዬ አልምልም። እርሻዋን ግን ትሠራለች።

ከቢሴል ሥራ ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ ነገር አለ። ያው ቫይረስ ገና በዕንቁላል ውስጥ ላለ ጽንስ ሲሰጥ ዕጢ አላመጣም። ሕዋሳቱ ከጽንሱ ተለይተው በብርጭቆ ሳህን ላይ ሲቀመጡ ግን ወደ ካንሰርነት ተለወጡ። ክፉው ዘር እዚያው ነበር፤ ዙሪያው ይዞ አስተኝቶት ነበር እንጂ። ደግ ጎረቤት ክፉን ያስተኛል፤ የተመለመለ ጎረቤት ያነግሠዋል። ምልመላው ደግሞ ቀን በቆየ ቁጥር ይሰፋል። ለዚህ ነው ያላመመ ዕባጭ ቶሎ መታየት ያለበት። የአዊ ገበሬም ኖራውን የሚበትነው ዘሩ ከወደቀ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።